የመፍቻው ክብደት

ኅዳር 3፣ ሰኞ

አይጤ፣

ይህ የክስ ደብዳቤ ነው። ተከሳሿ አንቺ፣ ከሳሹ እኔ፣ የክሱ ምክንያት ሻይ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሻዬን በሦስት ማንኪያ ስኳር ስጠጣ እናትሽ እንኳ ምንም ብላኝ አታውቅም። አንቺ ግን ባለፈው ወር «ጋሼ፣ የካንሰር ሴል ስኳር ሲያይ ዓይኑ ይፈጣል» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ከዚያ ወዲህ ማንኪያ ባነሳሁ ቁጥር ዓይኑ የፈጠጠ አንድ ነገር ከስኒው ማዶ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ዛሬ ያለ ስኳር ሞከርኩት። ካልሲ የታጠበበት ውሃ ማለት ነው። እህቴን «ይቺ ልጅ ሳይንስ ትማር» ብዬ የለመንኩት ለዚህ ከሆነ እጄን በቆረጠው። ካሳ እጠይቃለሁ።

ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው። የሱቄ በር ሲከፈት አሁንም ጭራዋን እንደተረገጠች ድመት ይጮኻል። ዘይት አልቀባውም፤ ደንበኛ መምጣቱን የሚነግረኝ እሱ ብቻ ነው። የፍሪጅ ሞተር ሲጮኽበት የኖረ ጆሮ ሌላ ነገር አይሰማም። እናትሽም ደህና ናት። ከግድግዳው ወዲያ ሬዲዮኗን ከፍታ ከዜና አንባቢው ጋር ትጣላለች፤ እስካሁን እሷ እየረታች ነው።

እሺ። የጠየቅሽኝን ሆን ብዬ ነው እስከዚህ ያወረድኩት። የምርመራው ውጤት መጣ። ትልቁ አንጀቴ ላይ ያለው ነገር አንቺ እዚያ በማይክሮስኮፕ የምታዪው ዓይነት ነው። ገና ወደ ሌላ ቦታ አልሄደም ይላል ሐኪሙ። ጥር 10 ቀን ቆርጠው ሊያወጡት ቀጠሮ ያዙልኝ። እስከዚያ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ነርሷ ትመዝነኛለች። ዛሬ ሰባ ኪሎ ነኝ። «ከስልሳ አምስት ከወረዱ ቢላዋ አላነሳብዎትም፤ ሰውነትዎ ቁስሉን መዝጋት አይችልም። ይብሉ» አለኝ ሐኪሙ። ጢሙን ያሳደገው እኔን ለማስፈራራት ይመስለኛል።

ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። ለእናትሽ አትንገሪ። ስልክም አትደውዪልኝ፤ ስልክ ላይ እንደምጮህ ታውቂያለሽ፣ ግድግዳችን ደግሞ አንድ ነው። በደብዳቤ ይሁን። ስለ አይጦችሽም ጻፊልኝ፤ ምን እንደሚበሉ፣ የት እንደሚኖሩ፣ ሁሉንም። አጎትሽ ከአራተኛ ክፍል ወዲህ ትምህርት ቤት አላየም፤ ግን ያልገባውን ነገር ፈትቶ ማየት ይችላል።

ካሳውን አልተውኩም።

አጎትሽ


ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ጋሼ፣

ደብዳቤህን የላቦራቶሪው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጽዳት ሠራተኛዋ በዙሪያዬ ጠርጋ አለፈች፤ ተነሺ እንኳ አላለችኝም።

ይቅር በለኝ። ስለ ስኳር ያን ቀልድ ስጽፍልህ አንተ በውስጥህ ምን እንደያዝክ አላውቅም ነበር። እባክህ ሻይህን በስኳር ጠጣ።

ለእማማ አልነግርም። አልወደድኩትም፣ ግን አልነግርም። አንተ ጋም አልደውልም። በምትኩ ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበላ፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰህ ሰፈር ያለው ፋርማሲ ሂድና ተመዘን። ቁጥሩን ጻፍልኝ። አይጦቼንም እንዲሁ ነው የምመዝናቸው፤ ተቀይመህ አትቅር።

ስለ እነሱ ጠይቀሃል። ክፍሉ መስኮት የለውም። በግራ በኩል ባለው መደርደሪያ ስኳር የማይሰጣቸው፣ ምግባቸውም የተቀነሰ ሃያ አራት አይጦች አሉ። በቀኝ በኩል እንደ ልባቸው የሚበሉ ሃያ አራት። ሁሉም ጎናቸው ላይ ዕጢ አላቸው፣ እኛው ያስቀመጥንባቸው። ጠዋት ጠዋት ሹራቤን ለብሼ ከግራዎቹ እጀምራለሁ፤ አንድ በአንድ አውጥቼ እመዝናለሁ፣ ዕጢውን እለካለሁ። ቀኞቹ ጋ ስደርስ ሥራው ስለሚያሞቀኝ ሹራቡን አውልቄ እጨርሳለሁ። አምስት ዓመት ይኸው ነው ሕይወቴ።

አሁን ግን ስማ። የግራዎቹ ዕጢ የቀኞቹን ግማሽ ብቻ ነው! ሦስት ጊዜ ለካሁት። አለቃዬ ጽሑፉ በታኅሣሥ መጨረሻ እንዲላክ፣ እኔም በጥር ትልቁ ጉባኤ ላይ እንዳቀርበው ወስኗል። በዚህ ልደሰት ወይስ ባንተ ዜና ልዘን አላወቅኩም።

አንድ ነገር ግን፣ ጋሼ። አይጥ ሰው አይደለም። አንተም አይጥ አይደለህም። ብላ።

አይጤህ


ኅዳር 17፣ ሰኞ

አይጤ፣

ሰባ ኪሎ። 70፤ ይኸው በቁጥርም በፊደልም። ፋርማሲዋ ያለችው ሴትዮ «ምን ሆነው ነው ሚዛን የወደዱት?» ብትለኝ ልዳር ነው አልኳት። እናትሽ ጆሮ እስኪደርስ ሁለት ቀን ይበቃዋል።

ብላ ላልሽኝ፣ እበላለሁ። እንቁላል እበላለሁ፣ ጎመን እበላለሁ። ስኳር፣ ዳቦ፣ ሩዝና ድንች ከእኔ ጋር ተኳርፈዋል፤ እስኪታረቁኝ እየጠበቅኩ ነው።

ስለ ካንሰርሽ ሳስብ ሰነበትኩ። ያን ጊዜ የጻፍሽልኝን ማለቴ ነው፤ ጤነኛ ሴል ስኳሩን እስከ መጨረሻው አቃጥሎ ጉልበቱን ሲወስድ፣ የካንሰሩ ግን ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ትቶ ሌላ ስኳር አምጡ እያለ ይጮኻል ያልሽውን። ይህን በሽታ አውቀዋለሁ። ጋዙ ያፈሰሰ ፍሪጅ ነው። ሞተሩ ቀን ከሌት ይዞራል፣ መብራት ይበላል፣ ውስጥ ያለው ወተት ግን ይበላሻል። ባለቤቱ ድምፁን እየሰማ «ጎበዝ ፍሪጅ፣ አንዴም አያርፍ» ይላል። ለአለቃሽ ንገሪልኝ፤ ከፈለገ በነፃ ይውሰደው።

ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ሞኝ ጥያቄ ነው። ሰው ፍሪጅ ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ውስጡ ምን እንዳለ አይደለም፤ ቤት ውስጥ የት እንደቆመ ነው። ምድጃ አጠገብ የቆመን ፍሪጅ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ምንም ሳላገኝበት ቀርቻለሁ። አንቺ ሹራብ ለብሰሽ ግራዎቹን ትመዝኛለሽ፣ ቀኞቹ ጋ ስትደርሺ ታወልቂያለሽ። ሥራው አሞቀኝ አልሽ። አይጥ ማንሳት ምን ያሞቃል? ደንጋይ ትፈልጫለሽ እንዴ? በግራ በኩል ከላይ የቀዝቃዛ አየር መውጫ የለም?

ሞኝ ጥያቄ ከሆነ ሳቂና እለፊው።

አጎትሽ


ኅዳር 26፣ ረቡዕ

ጋሼ፣

አልሳቅኩም።

ደብዳቤህን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወደ ክፍሉ ገባሁ። ቀና ብዬ አየሁ። አምስት ዓመት ስገባበት፣ ወደ ላይ ቀና ብዬ አላውቅም ነበር። ልክ ከግራው መደርደሪያ በላይ መውጫው አለ። ሁለት ቴርሞሜትር አስቀመጥኩ። ግራ አሥራ ሰባት ዲግሪ። ቀኝ ሃያ አራት።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መለኪያ ሃያ ሁለት ነው የሚለው፤ በሩ አጠገብ ነው ያለው። እኛ ሁላችን እሱን እያነበብን እየፈረምን ስንገባና ስንወጣ ኖረናል። ሰውነቴ ግን ያውቅ ነበር። በየቀኑ ሹራብ ሲለብስና ሲያወልቅ እየነገረኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።

ትናንት ሃያ አራቱን ወደ ቀኝ፣ ሃያ አራቱን ወደ ግራ አዛወርኳቸው። ምግባቸውን አልነካሁም። ዕጢውን እንዳያድግ የያዘው የምግቡ ለውጥ ከሆነ ሞቃቱ ቦታ ላይም ይይዘዋል። ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። አለቃዬ «ጽሑፉን ላኪው፣ ማን ሹራብሽን ይጠይቃል?» አለኝ። አጎቴ ጠይቆኛል አልኩት። ምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ። ፍሪጅ ይጠግናል ስለው ጥሎኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እንደተኮራረፍን ነን።

ይህንን ላንተ መጻፍ ይከብደኛል። ምክንያቱን ታውቀዋለህ። ስለ አይጦቼ የጻፍኩልህን ሁሉ አንተ እንዴት እያነበብከው እንደሆነ እፈራለሁ። «ተኳርፈዋል» ያልካቸውን ዳቦና ድንች ዛሬውኑ ታረቃቸው። ሱሪህ እንዴት ነው? ቀበቶህ ስንተኛው ቀዳዳ ላይ ደርሷል? ይህን ጥያቄ በቀልድ እንዳታልፈው።

አይጤህ


ታኅሣሥ 8፣ ሰኞ

አይጤ፣

አራት ሰኞ ተመዝኛለሁ፦ ሰባ፣ ሰባ፣ ሰባ፣ ሰባ። ወታደር እንኳ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ዛሬ ነርሷም መዝናኝ ሰባ አለች፤ «ጎበዝ» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ክፍሏ ይበርዳል ብዬ ኮቴን አላወለቅኩም፤ ሰው አክባሪ ናት፣ አላስገደደችኝም።

ሱሪዬ ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሻል።

ስለ ብርዱ የጻፍሽው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ካዘዋወርሻቸው ወዲህ የታየ ነገር የለም? ብርዱ ከሆነ ዕጢውን የያዘው፣ ታዲያ እኔ ከብርድ ጋር የኖርኩ ሰው አይደለሁም? አበባ ነጋዴው ትዝ ይልሻል? ያ ሲያስነጥስ መንገደኛ የሚያስደነግጠው። አበባ የሚያቆይበት ትልቅ ቀዝቃዛ ክፍል አለው፤ ማሽኑን የማየው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት ሣጥን ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። «ማሽኑ የሚያሰማውን ድምፅ ላጠና ነው» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ብርድ ልብስ አምጥቶልኝ «ማሽኑን እያስታመምከው ነው እንዴ?» አለኝ። በጽጌረዳ ተከብቤ ጥርሴን ሳንቀጫቅጭ ብታዪኝ ሙሽራ ያመለጠው ሰው እመስላለሁ።

ትንሽ ሳል ይዞኛል፤ የአበባው ብናኝ ነው።

የአለቃሽን ኩርፊያ ለእኔ ተዪልኝ፤ ፍሪጁ የተበላሸ ቀን እንተያያለን።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 16፣ ማክሰኞ

ለተከበሩ አጎቴ፣

ስቆጣ አንቱ እንደምልዎ ያውቃሉ። ዛሬ ተቆጥቻለሁ።

ሰባ፣ ሰባ፣ ሰባ፣ ሰባ። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ነፍስ ያለው ነገር ስመዝን የኖርኩ ሰው ነኝ። ነፍስ ያለው ነገር ውሃ ይጠጣል፣ ይሸናል፣ ያልበዋል፤ አራት ሳምንት ሙሉ አንድ ቁጥር ላይ አይቆምም። እዚህ አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረን፤ አይጦቹን ሳይመዝን ወረቀቱን ይሞላ ነበር። የተያዘው ቁጥሮቹ በጣም ስላማሩ ነው። የእርስዎም በጣም ያምራሉ።

ቅዳሜ እማማ ጋ ደወልኩ፤ ስለ እርስዎ ምንም አልጠየቅኳትም። ራሷ ናት «አጎትሽ እኮ ሱሪውን በሽቦ አስሮ ይሄዳል፤ ምንድን ነው ብለው ፋሽን ነው ይለኛል» ብላ የሳቀችው። አብሬያት ሳቅኩ። ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ክፍል ገባሁ፤ እስክረጋጋ ድረስ አልወጣሁም።

አሁን ውጤቱን ልንገርዎ፤ ዛሬ ሦስት ሳምንት ሞላው። ስኳር የሌላቸው አይጦች ሞቃቱ ቦታ ላይ ሲሆኑ ዕጢያቸው እንደ ማንም ዕጢ አደገ። ስኳር የሚበሉት ብርዱ ውስጥ ሲሆኑ የእነሱ ዘገየ። ምግቡ ምንም አልሠራም። ሰውነታቸው ራሱን ለማሞቅ ስኳሩን ሲያቃጥል ለዕጢው የሚደርሰው አነሰ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ጽሑፉን ሰርዘነዋል። ጉባኤውም ቀርቷል።

ይህን ሲያነቡ ወደ አበባው ክፍል እንዳይሮጡ። ትናንሽ አይጦች ለሙቀት ብቻ የሚያቃጥሉት ስብ በሰውነታቸው በብዛት አለ። በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው ያለችው እፍኝ አትሞላም። እርስዎ እዚያ ሣጥን ላይ ተቀምጠው የሚያቃጥሉት ለቁስልዎ መዝጊያ የሚያስፈልግዎትን ሥጋ ነው።

ደግሞ ይህን ይስሙ። ምግብ የቀነስኩባቸውን አይጦች በመጨረሻ ከፍቼ አይቻቸዋለሁ። ጭናቸው ላይ ሥጋ የለም። ስኳር ስንከለክለው ዕጢው አልተራበም፤ ከራሳቸው ሥጋ ወስዶ በላ። የተራቡት አይጦቹ ናቸው።

ሚዛን ላይ ሲወጡ ምን ይዘው ነው? እውነተኛውን ቁጥር ይጻፉልኝ። ለእማማ ዝም ያልኩት ቃል ስለገባሁ ነው፤ ቃሌ እስከ ጥር 5 ነው የሚቆየው። እስከዚያ ራስዎ ካልነገሯት እኔ እነግራታለሁ።

አክባሪዎ


ታኅሣሥ 22፣ ሰኞ

አይጤ፣

አንቱታሽ ደርሶኛል። ከሐኪሙ ቢላዋ ይልቅ እሱ ነው የቆረጠኝ።

ስለዚህ ሳልቀልድ ልናገር፤ ከቻልኩ። ኪሴ ውስጥ የነበረው መፍቻ ነው። መጀመሪያ ሳምንት አንዲት ፒንሳ ብቻ ነበረች። ሁለተኛው ሳምንት ትልቁ መፍቻ ተጨመረ። ከዚያ መዶሻው። በጎደልኩ ቁጥር ብረት እጨምራለሁ፤ ቤት ባለው አሮጌ ሚዛን ሰባ እስክሞላ አስተካክዬ ነበር የምወጣው። ለአንቺ ቁጥር አልዋሸሁም፤ ሚዛኑ ያለውን ነው የጻፍኩልሽ። ይህን ብዬ ራሴን ሳጽናና ነበር፤ አሁን ስጽፈው ግን አፍሬያለሁ።

ዛሬ ፋርማሲ ሚዛኑ ላይ ስወጣ የኮቴ ኪስ ተቀደደና ፒንሳዋ መሬት ወደቀች። ሴትዮዋ አነሳችና አቀበለችኝ። «ይህም ይመዘን?» አለችኝ። አልሳቀችም። ኮቴን አውልቄ እንደገና ወጣሁ። ስልሳ አንድ ተኩል።

ከዚያ በኋላ ነርሷ ጋ አልሄድኩም።

አይጤ፣ እኔ ዕጢውን በረሃብ ልገድለው ነበር። ከአንቺ ደብዳቤ ውስጥ «አይጥ ሰው አይደለም» የሚለውን ዘልዬ ሌላውን ሁሉ በቃሌ ያዝኩት። ጥፋቱ የደብዳቤሽ አይደለም፤ አጣምሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ቢላዋውን የሚያስቀር ነገር ስፈልግ ነበር። ያንን የፈለገ ሰው ያገኛል።

ለምን እንደምፈራ ልንገርሽና ይብቃን። የፍሪጅ ሞተር ብረቱ ዙሪያውን የተበየደ ነው፤ እንዲከፈት ተብሎ አልተሠራም። አንዳንዴ ሌላ መንገድ ሲጠፋ በመጋዝ እከፍተዋለሁ፤ ጠግኜ መልሼ እበይደዋለሁ። ግን አንዴ የተከፈተ ሞተር እንደ ድሮው አይሆንም። እጄ ያውቀዋል። እኔም ዙሪያዬን የተበየድኩ ነኝ፤ በስልሳ ሦስት ዓመቴ ማንም ከፍቶኝ አያውቅም። ያ ጢማም ልጅ ከፍቶኝ ሲዘጋኝ የምነሳው እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ሰው? ደግሞ ከተነሳሁ።

ጥር 10 አልሄድም። ወስኛለሁ።

ስለ ጽሑፍሽ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ያን የሹራብ ጥያቄ ባልጠይቅሽ ኖሮ በጥር መድረክ ላይ ነበርሽ። አምስት ዓመትሽን በአንድ ሞኝ ጥያቄ አፈረስኩብሽ። ይቅር በይኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 27፣ ቅዳሜ

ጋሼ፣

ወደ አንተታዬ ተመልሻለሁ። አጭር ነው የምጽፈው።

ያ ክፍል ሦስት ፕሮፌሰር ገብቶ ወጥቶበታል። ሹራቤን የጠየቀኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ጥያቄ ባይመጣ የኔን ውሸት ሌሎች ላቦራቶሪዎች ይደግሙት ነበር፤ ከዚያ አንድ ሐኪም አንድ ቀን አንተን የመሰለ ሰው እራት ይከለክል ነበር። ያፈረስክብኝ ነገር የለም። ስለ ብርዱ ከሥር አዲስ ሙከራ ጀምሬያለሁ፤ ሁለት ክፍል፣ አርባ ስምንት አይጥ፣ በየቀኑ የሚመዘኑ። የሚተካኝ ሰው የለም። ስለዚህ መምጣት አልችልም። ይህን ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ።

ስለ መፍቻው አንድ ነገር እወቅ። በቀዶ ጥገናው ቀን ማደንዘዣ የሚሰጥህ ሰው መድኃኒቱን የሚለካው በክብደትህ ነው። መፍቻህንም አብሮ ያስተኛው?

ያቺ ሰማያዊ ደብተርህ አለች፤ ከፍተህ የጠገንከውን ሞተር ሁሉ፣ መቼ እንደተከፈተና ምን እንደሆነ የምትጽፍባት። ልጅ ሆኜ አንተ ስትነግረኝ እኔ የጻፍኩባቸው ገጾችም አሉ። አውጣት። ስንት ሞተር ከፈትክ? ስንቱ ዛሬ ይሠራል? እጅህ የሚያውቀውን አይደለም የምጠይቅህ፤ ደብተሩ የሚለውን ነው። ቆጥረህ ጻፍልኝ።

እስከዚያ ስለ ጥር 10 አንድ ቃል አልናገርም።

አይጤህ


ጥር 6፣ ሰኞ

አይጤ፣

ቆጠርኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ በልጅነትሽ የጻፍሻቸው ገጾች ላይ «ሞተር» የሚለውን ሁሉ በአበባ ስላስጌጥሽው ዓይኔ ደከመ።

አርባ አንድ ከፍቻለሁ። ያሉበትን እየዞርኩ ጠየቅኩ። ሳሎን ሳሎን ገብቼ ጆሮዬን ፍሪጅ ላይ ስለጥፍ ሰው ሁሉ ነገር ዞሮበታል ብሏል። ሠላሳ ሰባቱ ይሠራሉ። አራቱ አልተነሱም። የአራቱንም ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አራቱም ዘግይተው የመጡ ናቸው፤ ባለቤቱ ይጮኻል እያለ፣ ይሻለዋል እያለ ቆይቶ፣ ሽቦው ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ ያመጣቸው። በመክፈቴ የሞተ አንድም የለም። አንድም።

ደግሞ ይህን ስሚ። ያ ጥርሴን ሳንቀጫቅጭ የዋልኩበት የአበባ ክፍል፣ እዚያ ውስጥ የሚዞረውን ሞተር የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ከፍቼዋለሁ። ገጹ በእጄ ጽሑፍ ተሞልቷል። ሁለት ሁለት ሰዓት አጠገቡ ተቀምጬ ድምፁን ስሰማ፣ «አንዴ የተከፈተ እንደ ድሮው አይሆንም» እያልኩ ስፈራ፣ እሱ ከኋላዬ ሲዞር ነበር። አንቺ ወደ ላይ ቀና አላልሽም፤ እኔ ወደ ኋላ አልዞርኩም። ዘር ነው መሰለኝ።

ዓርብ እሄዳለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ካንቺ የመጨረሻ ደብዳቤ ወዲህ እየበላሁ ነው። ዳቦው፣ ሩዙ፣ ድንቹ ሁሉ ታርቀውኛል። ሻዬ ውስጥ አራተኛ ማንኪያ ጨምሬያለሁ፤ የካሳዬ ነው። ሳሉም ለቆኛል። ዛሬ ጠዋት ቤት ያለው ሚዛን፣ ያለ ኮት፣ ያለ ጫማ፣ ስልሳ አራት ይላል።

ስልሳ አራት ነው ያልኩት። ሐኪሙ ስልሳ አምስት ነው ያለው። ነርሷ ጋ ቀጠሮዬ ዛሬ አራት ሰዓት ነው፤ የቀሩት ለምንድን ነው ብላ ትቆጣኝ ይሆናል፤ እሷስ ትቆጣ። ካልሞላሁ ግን ወደ ወሩ መጨረሻ ሊገፉኝ ነው። ደብተሩን ካነበብኩ በኋላ መዘግየት ነው የሚያስፈራኝ። እስከ ትናንት ከቢላዋው ስሸሽ የኖርኩ ሰው አሁን ቢላዋው እንዳያመልጠኝ እየሮጥኩ ነው፤ ሳቂብኝ።

ስለዚህ አትቆጪ። ኮቴን ለብሼ ነው የምጽፍልሽ። ኪሱን ሰፍቼዋለሁ። አንዲት መፍቻ ብቻ ናት፤ መካከለኛዋ፣ ልክ አንድ ኪሎ። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ ማደንዘዣው። ዓርብ ጠዋት ለዚያ ሰው በጆሮው «ወንድሜ፣ አንድ ኪሎ ቀንስ» እለዋለሁ፤ አስቤበታለሁ። ግን እጄ ወደ ኪሴ በሄደ ቁጥር ያቺ ፋርማሲዋ ያለችው ሴትዮ «ይህም ይመዘን?» ስትለኝ ይሰማኛል።

ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ቃልሽ እስከ ትናንት ነበር። እኔ ለእናትሽ አልነገርኳትም፤ ሦስት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ ስለ አየሩ አውርቼ ተመለስኩ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን ሬዲዮው ዝም ብሏል። ዜናውም አልተከፈተ፣ የሚጣላም የለ። ግድግዳው እንዲህ ጸጥ ያለበትን ቀን አላስታውስም። ነገርሻት?

ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ፖስታ ቤቱን አልፌ ልሂድ፤ ይህን ደብዳቤ ልጨርስና

በር ተንኳኳ። ዝግ ነው የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ ማንበብ የማይችል ደንበኛ ይሆናል።

እንደገና። ሁለት ጊዜ፣ ዝም፣ አንድ ጊዜ። እንዲህ የሚያንኳኳ ሰው በሕይወቴ አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ እሷ ደግሞ አርባ ስምንት አይጥ አላት፤ የሚተካትም የለም።

በመስታወቱ አየሁ። እናትሽ እጇን አጣምራ ከኋላ ቆማለች፤ ይህ ከጩኸቷ ይብሳል። ከፊቷ ሹራብ የለበሰች አንዲት ልጅ አለች። በብብቷ የያዘችው ሚዛን ነው። ይቺን ጉድ! ያን ያህል መንገድ ሚዛን ተሸክማ መጣች!

«ጋሼ፣ ክፈት! ቁጭ ብለህ ስትጽፍ እያየሁህ ነው! ለማነው የምትጽፈው?»

መጣሁ፣ መጣሁ። ቆይ፣ መፍቻዋን ከኪሴ ላውጣ።